የስርዝ ድልዝ ያለህ!

ድሮ የሰው ስህተት ይታይ ነበር። ወረቀቱ ላይ ይታያል፣ ጣቱ ላይ ይታያል፣ አለቃው ፊት ሲቀርብ ግንባሩ ላይ ሳይቀር ይታያል። ዛሬ ጋዜጣ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ ሳነብ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የምትለዋ ሐረግ ጋ ስደርስ ብቻዬን እስቃለሁ። የቱ ስርዝ? የቱ ድልዝ? አገሩ ሁሉ በኮምፒውተር እየጻፈ፣ የተሰረዘውን ሰይጣንም ቢፈልግ አያገኘው! ማስታወቂያ አውጪው ግን ዛሬም ምላጭና ላጲስ የያዘ ሌባ እየጠበቀ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ መቂ፣ በጽሕፈት መኪና ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዣንጥላዬን ተክዬ፣ ኦሊቬቲዬን ከሣጥን በተሠራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ማመልከቻ፣ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የሽያጭ ውል፣ ሲያስፈልግም የፍቅር ደብዳቤ እመታ ነበር። መቂን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከሞጆ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሽንኩርትና የቲማቲም ከተማ ናት። ሽንኩርት ባለበት ደላላ አለ፤ ደላላ ባለበት ክስ አለ። ሚዛን ጎደለብኝ ያለ ገበሬ፣ የመስኖ ተራዬ ተዘለለ ያለ ገበሬ፣ ቀብዴን በልቶ ጠፋ ያለ ነጋዴ፣ ሁሉም ዳኛ ፊት የቀረበው በእኔ ጣት በኩል ነው። አሁን ዓይኔም ወገቤም ደክሞ ቤት ውያለሁ። የቀረኝ ሥልጣን የሰፈራችን እድር ጸሐፊነት ብቻ ነው፤ እሱንም ልጆቹ በኮምፒውተር ሊቀሙኝ ነው።

ለዛሬ ልጅ የጽሕፈት መኪና ሲባል የሚታየው ሙዚየም ነው። ይኸውላችሁ፣ ፊደላችን ከነዝርያው ከሁለት መቶ በላይ ነው፤ መኪናው ላይ ያለው ቁልፍ ግን ሃምሳም አይሞላ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሳ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው፤ መላው ፊደሉን ከቅጥያው መለየት ነበር። «ሉ» ለማለት «ለ»ን ትመታታለህ፣ ከዚያ ቅጥያዋን ጎኗ ላይ ትለጥፍላታለህ። አንዳንዴ ቅጥያዋ ትንሽ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ዳኞቹ ለምደውት ነበር፤ ቅሬታ ያቀረበ ዳኛ አላጋጠመኝም።

ስትሳሳትስ? የኋሊት መመለሻ ቁልፍ አለችህ። እሷ ግን ጨዋ ነበረች! አንድ እርምጃ ወደኋላ ትመልስሃለች እንጂ የጻፍከውን አትነካብህም። ተመልሰህ ስህተትህን ፊት ለፊት ታየዋለህ። ከዚያ ምርጫው ያንተ ነው፤ ወይ ደጋግመህ መትተህ ታጠቁረዋለህ፣ ወይ በላጲስ ትፈገፍገዋለህ፣ ወይ ኋላ እንደመጣው ነጩን ፍሉድ ቀብተህ እስኪደርቅ እፍ እያልክ ትጠብቃለህ። ሥሩ ካርቦን ካለ ደግሞ ጉድህ ፈላ፤ ዋናውን ስትፈገፍግ ቅጂው እንዳይበላሽ በየመሐሉ ቁራጭ ወረቀት እየሰካህ እያንዳንዱን ለየብቻ ማጽዳት ነው። አንድ ፊደል ለማጥፋት ባለጉዳዩ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ያም አልቆ፣ የተሰረዘው ቁልፍ ነገር ከሆነ፣ የገንዘብ መጠን ወይም የሰው ስም ከሆነ፣ ባለቤቱ ጎኑ ላይ ይፈርማል። «ይህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ነው። ፊርማ የሌለው ስርዝ የክርክር እናት ነው፤ በስንት ችሎት አይቼዋለሁ።

ከእኛ በፊት የነበሩት ቁም ጸሐፊዎችማ ከእኛም የባሱ ነበሩ። እዚሁ ደጃችን ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ሸሽቶ ያረፈው እዚያ ነው ይባላል፤ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም አሉት። ብራና ላይ የጻፈ ሰው ሲሳሳት በስል ካራ ቀለሙን ይፍቃል። የተፋቀው ቦታ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው በጣቱ ዳብሶ «እዚህ ጋ አባ ተሳስተው ነበር» ይላል። የተዘለለ ቃል ከተገኘም በሁለት መስመር መሐል በደቃቅ ፊደል ይሰነቀራል። ማስገባትም ማጥፋትም ያኔ እንዲህ ነበር፤ በካራና በትዕግሥት።

በ1984 ዓ.ም. ቁቤ መጣ። ኦሮሚያ ውስጥ መሥሪያ ቤቱም ፍርድ ቤቱም በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። እኔ አፋን ኦሮሞ አያቅተኝም፤ የመቂ ሰው ነኝ። ኦሊቬቲዬ ግን ላቲን አታውቅም። ለሷ ብዬ ከኅብረተሰቡ ልጣላ? ሁለተኛ መኪና ገዛሁ፣ ባለ ላቲን። ቁቤ ላይ አናባቢው ሲረዝም ሁለቴ ይመታል፤ ተነባቢው ሲጠብቅም ሁለቴ ይመታል። የደንበኛ ብዛት ያልጨመረልኝን የጣት ሥራ ቁቤ ጨመረልኝ። ይህችን ሁለቴ የመምታት ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ሰው ታጠፋለች።

ከዚያ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች እንደ አሸን ፈሉና ዣንጥላዬን አጠፍኩ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አስታውሳለሁ። አንዱ በፓወር ግዕዝ ይጽፋል፣ ሌላው በቪዥዋል ግዕዝ ይጽፋል፤ የአንዱን ደብዳቤ የሌላው ማሽን ሲከፍተው አማርኛው ወደ እብድ ላቲን ይለወጣል። ማመልከቻ ይዘህ ገብተህ ድግምት ይዘህ ትወጣለህ። እሱ እንኳ ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ እያንዳንዱ ፊደል ከነቅጥያው የራሱን ቁጥር አገኘ። ጥሩ። ግን «ሉ» ለማለት «ሊ» ብትል፣ ቅጥያዋን ብቻ ላንሳ ብለህ ባክስፔስ ስትነካ ፊደሏን ከነሥሯ ነቅሎ ይሄዳል። የኦሊቬቲዬ ጨዋ ቁልፍ ልጅ ወለደችና ልጇ በላተኛ ወጣ።

ኢንሰርት የምትባለዋስ! አንድ ጊዜ ፎቶኮፒ ቤት ገብቼ አንዲት ልጅ የእድሩን ደብዳቤ ትጽፍልኛለች። መሐል ላይ «የተከበሩ» የሚል ቃል ጨምሪልኝ አልኳት። ጨመረች። አንድ ፊደል ስትጨምር ከፊት ያለው አንድ ፊደል ይበላል፤ «የተከበሩ» ተሟልቶ ሲገባ የተከበሩት ሰውዬ ስም አለቀ። «ኢንሰርት ተነክታ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ማን ነካት? ክርኗ። ይህች ቁልፍ የምትሠራውም የምትታወሰውም በክርን ነው፤ ሆን ብሎ ሲነካት ያየሁት ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ግን የልጅ ጨዋታ ነበር። ጉዱ የመጣው ከአዳማ ነው።

የልጄ ልጅ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል። ለዕረፍት ሲመጣ «አባባ፣ የእድሩን መዝገብ በኮምፒውተር ላድርግላችሁ» አለ። የእድሩ ዳኛም «ዘመናዊ እንሁን» አሉ። ልጁ አሮጌ ላፕቶፑን ሰጠን። ውስጡ ሊኑክስ የሚባል ነገር ነው፤ ቫይረስ አይነካውም፣ ኢንተርኔትም አይለምንም አለ። አባላቱን ሁሉ በቁቤ፣ አንድ ሰው አንድ መስመር አድርጎ ጻፋቸው። መጻፊያው ቪም ይባላል። ሲከፈት ጥቁር ሰሌዳ ነው። የሚጫን ሥዕል የለ፣ መቀስ የለ፣ የቅርጫት ምልክት የለ። አይጧንም ነቅሎ ወሰዳት፤ «አታስፈልግህም» ብሎ።

«እሺ፣ በምን ልጻፍ?»

«አይን ተጫን፣ አባባ።»

ዓይኔን? አይ የምትባለዋን የላቲን ፊደል ነው ለካ። ሳይጫኗት አይጻፍም። ይህ መጻፊያ ሁለት ጠባይ አለው። በአንደኛው ጠባዩ የምትመታው ፊደል ፊደል ነው። በሌላኛው ጠባዩ ግን የምትመታው ፊደል ትእዛዝ ነው። ኤክስ ብትነካ ከርሰሩ ያለበትን ፊደል ያጠፋል። ዲ እና ደብልዩ ብትመታ ቃል ያጠፋል። ዲን ሁለቴ ብትመታ መስመሩን እንዳለ ያጠፋል። ሦስት ቁጥርን አስቀድመህ ዲን ሁለቴ ብትመታ ሦስት መስመር ይዞ ይሄዳል። ዲ ብለህ ትልቁን ጂ ብታስከትል ካለህበት እስከ ፋይሉ መጨረሻ ጠራርጎ ይወስዳል፤ ሙሉ እድር በሁለት ፊደል! ለማስገባትም እንዲሁ መዓት በር አለው። አይ ከርሰሩ በፊት ያስገባል፣ ኤ ከርሰሩ በኋላ ያስገባል፣ ትንሿ ኦ ከሥር አዲስ መስመር ትከፍታለች፣ ትልቋ ኦ ከላይ ትከፍታለች። ወደ ትእዛዙ ጠባይ ለመመለስ እስኬፕን መጫን ነው። የመቂ ጋሪ ፈረስ እንኳ ልጓሙን ስትስበው ይቆማል፤ ይሄኛው ልጓሙን በሳብከው ቁጥር አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይራገጣል፣ የቱን እንደሚያደርግ የሚነግርህ ከሰሌዳው ግርጌ ያለች ጭላንጭል ጽሑፍ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ለእኔ ዓይን አትታይም።

ልጁ ወደ አዳማ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የአንድ ነጋዴ አባላችን እናት ዐረፉ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ሁሉም በወጉ ሆነ። እኔም መዝገቡ ላይ ስሙ ጎን «ሐዘን» ብዬ ምልክት ላድርግበት አልኩ፤ የወሩን መዋጮ እንዳንጠይቀው። መዝገቡ በቁቤ ስለሆነ ሐዘንን የጻፍኩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ገዳ። ከገዳ ሥርዓት ጋር እንዳታምታቱት፤ ይሄኛው ዳው ጠብቆ ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ በቁቤ ዲ ሁለቴ ይመታል። ጂ፣ ኤ፣ ዲ፣ ዲ፣ ኤ።

መጻፊያው ለካ የትእዛዝ ጠባዩ ላይ ኖሯል። ጂ እና ኤ ሲደርሱት ከታች አንድ ቁጥር ብልጭ አደረገ፤ የፊደሉን የኮምፒውተር ቁጥር ማሳየቱ ነው አሉ፣ ማን ጠየቀው! ዲ እና ዲ ሲከተሉ ሐዘንተኛውን ከነመስመሩ አጠፋው። በመጨረሻዋ ኤ ደግሞ ምንም እንዳላደረገ ሰው «አሁን ጻፍ» ብሎ ተዘጋጀ። ቀጥሎ ያለው አባል ወደላይ ከፍ ብሎ የሰውየውን ቦታ ያዘ። እኔ ልጁ እንዳስተማረኝ እስኬፕ ብዬ፣ ሁለት ነጥብ፣ ደብልዩ፣ ኪው ብዬ፣ አስቀምጬ ወጣሁ። የአንድን ሰው ሐዘን በትክክል ስለጻፍኩ ሰውየው ከእድር ተባረረ። ይህን ወንጀል በየትኛው አንቀጽ ይከሱታል?

በቀጣዩ ወር ከኮምፒውተሩ በታተመው ዝርዝር መዋጮ ሲሰበሰብ ሰውየው ስሙን አጣ። እድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እናቴን ቀበራችሁ፤ እኔን ደግሞ በቁሜ ሰረዛችሁኝ?» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ማመልከቻ በስርዝ ድልዝ ያልተመለሰብኝ ሰው!

አዳማ ደወልኩ። «አባባ፣ ዩን ብትጫን እኮ ይመለስ ነበር» አለኝ ልጁ። የጠፋውን የምትመልስ ዩ የምትባል ፊደል አለች ለካ። «ሳትዘጋው በፊት ቢሆን ማለቴ ነው» ብሎ ጨመረ። ከተዘጋ በኋላ ትዝታዋን አውጥታ ትጥላለች። ልጁ ቀጠለ፤ ችሎት ማለት የሆነውን «ዳዳቻ» የሚለውን ቃል በዚያው ጠባይ ላይ ብጽፈው ደግሞ ዲ እና ኤች ሆነው በስተግራ ያለችውን አንድ ፊደል ይበላሉ፣ ኤ መጻፊያውን ይከፍታል፣ ከዚያ የቀረው የቃሉ ጭራ ብቻ ይጻፋል አለኝ፤ እየሳቀ። ችሎት ራሱ ተቆርጦ ሲገባ ይሳቃል?

«ይህን ነገር ማን ነው የሠራው?» አልኩት። ነገረኝ። ቢል ጆይ የሚባል የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 አካባቢ ቪአይ የሚባለውን አባቱን ሠራው። የሚሠራበት ማሽን ኤዲኤም 3ኤ ይባል ነበር፤ የቀስት ቁልፍ ስላልነበረው ቀስቶቹ በኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ፊደሎች ላይ ተሥለው ነበር፤ ዛሬም በነዚሁ ነው የሚኬደው። እስኬፕም ያኔ ዛሬ ታብ ያለችበት ቦታ፣ እጅ ሥር ነበረች። ጆይ ከቤቱ ሆኖ የሚሠራው በስልክ መስመር ነው፤ መስመሩ ሰሌዳውን ቀስ እያለ ነው የሚሥለው፤ ስለዚህ ትእዛዙ ሁሉ በአንድ በሁለት ፊደል አጠረ። እዚህ ላይ ፍርድ አላጓድልም፤ ይሄ ይገባኛል። እኛም በቴሌግራም ዘመን በቃል ስለምንከፍል ሰላምታውን ዘለን «እናት ታማለች ቶሎ ና» ብቻ ነበር የምንለው። ግን ዛሬ ሰው ቪዲዮ በስልኩ እያየ፣ የዚያን ጊዜን ቀርፋፋ መስመር ቅጣት እኔ መቂ ላይ የምከፍለው ለምንድን ነው?

ልጅየውን ቪምን ማን እንዳወጣውም ጠየቅኩት፤ ቢያንስ አንድ የምረግመው ሰው ይኑረኝ ብዬ። ብራም ሞለናር የሚባል የሆላንድ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ አወጣው። ፋይል ሳትሰጠው ብትከፍተው በሰሌዳው መሐል ኡጋንዳ ያሉ ድሀ ሕፃናትን እርዱ የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1994 ኪባሌ በምትባል የኡጋንዳ ቦታ ከሕፃናት ማዕከል ጋር ሠርቶ ኖሯል፤ ፕሮግራሙን በነጻ ሰጥቶ «ከወደዳችሁት ለነዚያ ልጆች ርዱ» ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ዐረፈ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ትረግመዋለህ? ነፍሱን ይማረው። እርግማኔን ወደ ቢል ጆይ እንዳላዞር እሱም መስመሩ ቀርፋፋ ነበር ተባለ። ይህ መጻፊያ የሚወቀስ ሰው እንኳ የለውም።

እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ማወቄ ግን ትንሽ አበረታኝ። ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባል ገጽ ላይ «ከቪም እንዴት ነው የሚወጣው?» የሚል ጥያቄ ተለጥፎ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ሚሊዮን! ይህን ሁሉ ተማሪ ቤት ያስገቡ አገሮች አንድ ልጅ ከበር እንዲወጣ ማስተማር አቃታቸው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ላሪ ቴስለር የሚባለውን አሜሪካዊ ነው። ፓሎ አልቶ፣ ዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ ከቲም ሞት ጋር ሆኖ ጂፕሲ የሚባል መጻፊያ ሠራ፤ ዛሬ ልጆች ሁሉ ቆርጠው የሚለጥፉት፣ ኮፒ ፔስት የሚሉት፣ የእሱ እጅ ያለበት ነው። ሁለት ጠባይ ያለውን መጻፊያ ዕድሜውን ሙሉ ጠላው። የመኪናውን ሰሌዳ ሳይቀር «ጠባይ የለም» የሚል ትርጉም ባለው ጽሑፍ አስወጣ። ምክንያት ነበረው። እዚያው ማዕከል ውስጥ ብራቮ የሚባል ቀዳሚ መጻፊያ ነበር። በትእዛዙ ጠባይ ላይ ሆነህ በእንግሊዝኛ «አርትዕ» የሚለውን ቃል፣ ኢ፣ ዲ፣ አይ፣ ቲ ብለህ ብትጽፍ፣ ኢ ሁሉንም ምረጥ፣ ዲ አጥፋ፣ አይ አስገባ፣ ቲ ደግሞ የሚገባው ፊደል ሆነው፣ ከጠቅላላው ሰነድህ አንዲት ቲ ብቻ ትቀርሃለች። እነሱ «አርትዕ» ብለው ሰነዳቸውን አጡ፤ እኛ ሐዘን ብለን ሐዘንተኛችንን። ቴስለር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ሞተ። መቂ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑን እኔ ነበርኩ የማስተክለው።

የአማርኛውን ነገር ደግሞ ስሙልኝ። ቁቤው ካስቸገረ ለእኔ ድርሻ በአማርኛ ልጻፍ ብዬ የአማርኛ ኪቦርዱን አብርቼ ሞከርኩ። መጻፍስ ይጻፋል። ማጥፋት ሲመጣ ዲን ሁለቴ መታሁ፤ ለመጻፊያው የደረሰው «ድድ» ነው። ድድ ትእዛዝ አይደለም፤ ዝም አለኝ። ለመመለስ ዩን ስጫን «ኡ» ሆነ፤ እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ ኡኡ የምለው። በቃ ልውጣ ብዬ ሁለት ነጥብ ስመታ ደግሞ፣ በብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች እሷ ቁልፍ የምትሰጠው የእኛኑ የቃል መለያ ነው፤ «፡» እና «ቅ» ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ። በአማርኛ ገብተህ በአማርኛ የማትወጣበት ቤት ነው። ልጁ መፍትሔ አለው አለኝ፤ ኪቦርዱ በሚጽፈው ጠባይ ላይ ብቻ አማርኛ እንዲሆን፣ በትእዛዙ ላይ ላቲን ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል፤ ማስተካከያው ግን በእጅ የሚጻፍ ነው። በምን ይጻፋል? በቪም።

እዚህ ላይ ባለውለታን መርሳት ነውር ነው። ኢማክስ የሚባለው የቪም ተቀናቃኝ መጻፊያ ገና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግዕዝ ፊደልን ይጽፍ ነበር፤ የጻፈለትም ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ጃፓናዊ ነው። የተጠቀመበት ፊደላችንን በላቲን የመመንዘር ዘዴ የይትና ፍርድይወቅና የዳንኤል ያዕቆብ ሥራ ነው። ዘዴውን «ሴራ» አሉት፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው መልካም ነው። ጃፓኑ ሳይሰለቸው ከሀ እስከ ፐ ጽፎልን፣ የእኛ ልጆች «ለምን አማርኛ ያስፈልጋል፣ ላቲኑ ይቀላል» ይሉኛል። ልጁን ኢማክስ አምጣልኝ ብለው «እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ቁልፎቹን ሁለት ሁለት እያጣመርክ ነው የምትጫነው» አለኝ። ያ ቤት ይቅርብኝ።

ሰሞኑን ደግሞ መብራት በላፕቶፑ ላይ ሄደ፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመለስ መዝገቡን ስከፍት ሰሌዳው በሙሉ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ያልተጠናቀቀ ሥራ በጎን ተደብቆ አለ፤ አንብብ ብቻ፣ እንዲያው ቀጥል፣ መልስ፣ አጥፋ፣ ውጣ፣ ሁሉን ተው፤ ምረጥ አለኝ። ስድስት ምርጫ! የመቂ ዳኛ እንኳ ለተከሳሽ ሁለት ነው የሚሰጠው፤ ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ። እጄን አንሥቼ ክዳኑን ዘጋሁት።

እሑድ ዕለት ጠቅላላ ጉባኤው ተቀምጦ ነገሩን ቆረጠ። ወጣቶቹ ኮምፒውተሩ ይቀጥል አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ደብተሩ ይመለስ አሉ። ሐዘንተኛው ነጋዴ «እኔን መልሱኝ እንጂ በምንም ጻፉኝ» አለና ሁሉም ሳቀ። የተወሰነው እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ለቅጂ ይቀመጣል፤ ልጁ በመጣ ጊዜ ያስተካክለዋል፣ ያትመዋል። ሕጋዊው መዝገብ ግን ባለ ሰማያዊ ሽፋኑ ደብተር ነው፤ በእስክርቢቶ ይጻፋል። ከሱ ላይ ስም የሚሰርዝ ሰው በአንድ መስመር ይሰርዛል፤ የተሰረዘው እንዲነበብ። ጎኑ ላይ ሞተ፣ ለቀቀ ወይም ተሰናበተ ብሎ ምክንያቱን ይጽፋል፤ ሥሩ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ይፈርማሉ። ለወጣቶቹም አንድ ነገር ተሰጣቸው፤ መዋጮ ያልከፈሉትን ስም በስልክ መልእክት እንዲያስታውሱ። እሱን እንደሆነ ማንም አይሰርዝባቸውም።

የእድራችን አባላት ሆይ፤ ከኮምፒውተሩ የታተመው ዝርዝር ላይ ስማችሁን ያጣችሁ ካላችሁ አትደንግጡ፣ በሕይወት አላችሁ። የመዋጮ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ቤቴ ኑ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤ ከጧት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ።